ሙሽራውን በካርቱን ያመሰገንኩት ሽማግሌ

ሽማግሌ ሆኖ ለመላክ ብዙ ነገር አይጠየቅም። ትንሽ ሽበት፣ የታጠበ ጋቢና ሳይቸኩሉ የመናገር ልማድ ካላችሁ ይበቃል። ድሮ ትልቁ ሥራ ዘር መቁጠር ነበር፤ የልጁ አያት ማን ናቸው፣ ከልጅቷ ወገን ጋር የት ላይ ይገናኛሉ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ይወረዳል። አሁን ይህ ብቻውን አይበቃም። እናንተ ሽበት ያወጣችሁ አንባቢዎቼ፣ ከእንግዲህ ሰው ሲልካችሁ ቤተሰቡ ምን እንደሚያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ደግሞም በደንብ ጠይቁ። እኔ በግማሽ ጠይቄ ሄጄ ያየሁትን አይቻለሁ።

ናትናኤል የጎረቤቴ ልጅ ነው። መገናኛ አካባቢ ስልክ ይጠግናል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሜሮን የምትባል ልጅ ወድዶ ወደ አባቷ ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ሲለምነኝ የት እንደተዋወቁ ጠየቅኩት። አትላስ አጠገብ ባለ ካፌ፣ የጃፓን የሥዕል መጻሕፍት የሚወዱ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። መጻሕፍቱን ማንጋ ይሏቸዋል። ሁሉም የሚሞትለት ደግሞ መብረቅ በእጁ ስለሚይዝ አንድ ወጣት የሚተርከው ነው። ይኸው ታሪክ በመጽሐፍ አለ፣ በካርቱን ተሠርቷል፣ ተዋናዮችም ሠርተውታል። "አባቷም በጣም ይወዱታል ጋሼ" አለኝ። ልጃቸው የምታየውን ለመቆጣጠር ብለው አጠገቧ ተቀምጠው፣ እዚያው ቀርተዋል አሉ።

ይህችን ወሬ እንደ ስንቅ ያዝኳት። በስልኬ ካርቱኑን እስከ መጨረሻው ተመለከትኩት። መጀመሪያ ከሥር የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ ሳላነበው እያለፈ ቢያናድደኝም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ በኋላ ወደድኩት። መብረቅ ያዡ ስንቱን ፈተና አልፎ፣ ሚስቱን ከእሳት ውስጥ ተሸክሞ አውጥቶ፣ አብረው ሲያረጁ ያልቃል። ከዚህ የተሻለ ባል ከየት ይመጣል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከናትናኤል የንስሐ አባትና ከአጎቱ ጋር ሆነን ገርጂ፣ አቶ ጥላሁን ቤት ሄድን። የሜሮን አባት ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሳይስቁ የሚያዳምጡ ዓይነት ሰው። አባ መረቁ፣ አጎትየው ዘሩን ቆጠረ፣ ነገሩ ሁሉ ሰመረ።

"መልካም። የልጁ ጠባይስ?" ብለው አቶ ጥላሁን ወደ እኔ ዞሩ።

ጋቢዬን አስተካከልኩ። "ጠባዩንስ እርስዎ በሚያውቁት ልንገርዎ። ቁርጥ መብረቅ ያዡን ነው" አልኩ።

አቶ ጥላሁን ከወንበራቸው ቀና አሉ።

"ሙሽራዋን በሠርጓ ቀን ጥሏት የሄደውን?" አሉ።

ክው አልኩ። ለካ እሳቸው ያዩት ተዋናዮች የሠሩትን ኖሯል! እዚያኛው ላይ ሰውየው ልጅቷን ከነቬሎዋ ትቷት መብረቁን ተከትሎ ይሄዳል፤ በዚያው ይቀራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ "ኧረ በካርቱኑ ከእሳት ነው ያወጣት!" ብል ማን ይሰማኛል። "ካርቱን የሕፃን ነው። እኔ ሰው ሲሠራው ነው ያየሁት" አሉ። አጎትየው እግሬን ረገጠኝ። አባ ነገሩን ሊያበርዱ ፈልገው፣ "ለመሆኑ መብረቁን የሚይዘው በጸሎት ነው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ግን አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ልጁ ትዳሩን አምኖ የሰጠው ለእኔ ምላስ ነበር።

አቶ ጥላሁን ጥቂት አሰቡና፣ በልማዱ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። ልጃቸውን ጠሯት።

"ሜሮን፣ መጽሐፉ ምን ይላል? ይተዋታል ወይስ አይተዋትም?"

ሜሮን በሩ ላይ ቆማ ሁላችንንም አየችን። "መጽሐፉ ገና አላለቀም አባዬ። ደራሲው አሁንም እየጻፈው ነው" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ናቲ ግን አንድም ቅዳሜ ቀርቶብኝ አያውቅም።"

አባትየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "ሰጥቻለሁ" አሉ። እኔን ሳያዩ ነው ያሉት፤ ቅር አላለኝም።

ከግቢው እንደወጣን ናትናኤል ጋ ደወልኩ። በደስታ ጮኾ ጮኾ ሲወጣለት፣ የሠራሁትን ጉድ ሁሉ አጫወትኩትና "ለመሆኑ የአንተው መብረቅ ያዥ የትኛው ነው? የሚተዋት ነው የማይተዋት?" አልኩት።

"እኔ እንጃ ጋሼ። አንዱንም አንብቤው አላውቅም። እዚያ የምሄደው እሷ ስለምትመጣ ነው።"

"በል ዝም በል! ሜሮን እንዳትሰማ!"

ሳቀብኝ። "እሷማ ገና የመጀመሪያው ቀን ነው የነቃችብኝ። የጃፓኖቹ መጽሐፍ ለካ ከቀኝ ነው የሚጀመረው። እኔ ከግራ ገልጬ፣ እንደገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ሳነብ አየችኝ። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ ምንም ሳትናገር አዙራ ሰጠችኝ።"