የተቆረጠው የወንበር እግር

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት የቮልስ መኪናዬን አሮጌ ማርሚታ፣ ያንን የጭስ ድምፅ ማፈኛ፣ ፈትቼ ለልዋጭ ሰጠሁና የፕላስቲክ ሳፋ ተቀበልኩ። አዲሱ ማርሚታ ተገዝቷል፣ ያብረቀርቃል፤ ምን ቀረኝ? መለካት ቀረኝ! ስገጥመው ቱቦው ሁለት ጣት አጠረ። ከሰዓት ደግሞ የጎረቤቴን ልጅ ወደ ሰርጓ አዳራሽ የማደርሳት እኔ ነኝ። በሳፋው ልውሰዳት?

ቮልሴ ሰፈሩን እያደነቆረች ቃሊቲ፣ በያጁ ሰይድ ዘንድ ደረስን። አንዳንድ ሰው፣ አንባቢዬ፣ የተበላሸ ሥራ ሲያይ የተሰደበ ያህል ይቆጣል። ሰይድ ማርሚታውን አገላብጦ፣ ሠሪው ፊቱ የቆመ ይመስል፣ “አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ መኪና አይተህ ታውቃለህ?” አለው። መቀጠያ ቱቦ ቢፈልግ ልኩን አጣ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

“አባባ፣ እስቲ ይነሱልኝ።”

“ደግሞ ምን አጠፋሁ?”

“እርስዎን አይደለም፣ ወንበሩን ነው የፈለግኩት።”

የተቀመጥኩበትን የብረት ወንበር ገልብጦ አንድ እግሩን ቆረጠ፣ ሞረደ፣ በየደ። ፋብሪካ ያቃተውን ወንበር ጨረሰው! በመንገድ ላይ ሙሽራዋ ለሚዜዋ ስታንሾካሹክ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

የሥራውን ከፍያለሁ። ሰይድ ግን አሁንም የወንበሩን አንድ ጎን በድንጋይ ደግፎ ነው የሚቀመጠው። በእግሩ ምትክ ሳፋውን ባቀርብለት፣ “አባባ፣ እግር ነው ያበደርኩዎት” አለኝ።