ዘፋኞቹ ለምን ቀሩ?

[ሊቁ የካራኦኬ ምሽት አስተናጋጅ ነው። ሁሉን አውቃለሁ ስለሚል ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ዝግታ የሊቁ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ማሽኑንና ገመዱን እሱ ይይዛል፤ ስሙንም ያወጣለት ሊቁ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ባዶ አዳራሽ፣ የተደረደሩ ወንበሮች። ዝግታ ማይኩን አፉ ፊት ይዞ በእጁ ይለካል።]

ሊቁ፦ አንድ ስንዝር! በአፍና በማይክ መካከል አንድ ስንዝር! ይሄን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አለብህ?

ዝግታ፦ የማን ስንዝር ጋሼ?

ሊቁ፦ የማን ስንዝር ማለት ምን ማለት ነው? ስንዝር ስንዝር ነዋ!

ዝግታ፦ ከዘፋኞቻችን መካከል የአውቶቡስ ሾፌሩና የልብስ ሰፊዋ ስንዝር አንድ አይደለም ብዬ ነው። በሱ መዳፍ ከለካን እሷ ማይኩን በደብዳቤ ነው የምታገኘው።

ሊቁ፦ እሷ በራሷ ትለካ!

ዝግታ፦ እሺ። [ማስታወሻው ላይ ይጽፋል] «ሁሉም የራሱን ስንዝር ይዞ ይምጣ።»

ሊቁ፦ ኧረ አትጻፈው! ወይ ጣጣ! የሚስቴ ወንድም ባትሆን ኖሮ ገና ድሮ ነበር የማባርርህ።

ዝግታ፦ እኔም የእህቴ ባል ባትሆን ኖሮ ገና ድሮ ነበር የምሄደው።

ሊቁ፦ ስማ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም። የአዳራሹ ባለቤት ሴትዮ ትናንት ጠርታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? «ነገ አስር ዘፋኝ ካልመጣ ማሽኑን አውጥቼ የጠረጴዛ ቴኒስ አስገባበታለሁ» አለች። ቴኒስ! እኔ በምቆምበት ቦታ ላይ!

ዝግታ፦ ቴኒስ አስተናጋጅ አይፈልግም?

ሊቁ፦ ማንን ላስተናግድ? ኳሷን?

ዝግታ፦ ነጥብ ትቆጥራለሃ።

ሊቁ፦ አንተ ልጅ፣ እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ነው የምደረድረው። አለቃዬ ስሜን እንኳ አያውቀውም፣ «አንተ ባለ ሰማያዊው» ነው የሚለኝ። ሰው የምሆነው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል?

ዝግታ፦ እሑድ።

ሊቁ፦ [ራሱን ይይዛል] ባለፈው ቅዳሜ ስንት ሰው መጣ?

ዝግታ፦ ሦስት።

ሊቁ፦ ይኸው፣ ሦስት ዘፋኝ ብቻ!

ዝግታ፦ ሦስት ሰው ነው ያልኩት። አንዱ ዝናቡ እስኪያባራ ነው። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው። ሦስተኛዋ እህቴ ናት።

ሊቁ፦ አየህ! ሚስቴ ልትደግፈኝ መጥታለች።

ዝግታ፦ የቤት ቁልፍ ይዘህባት ሄደህ ነው።

ሊቁ፦ ቢሆንም ቆይታ አዳምጣለች!

ዝግታ፦ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነበር፤ አንተ ደግሞ መድረክ ላይ ነበርክ። ምን ታድርግ?

ሊቁ፦ ይሁን። ችግሩ የት እንዳለ እኔ ደርሼበታለሁ። ኢኮ ነው። ዘፋኝ ኢኮ ይወዳል፣ ድምፁ ሲመለስለት ደስ ይለዋል። ጨምር።

ዝግታ፦ ከዚህ በላይ አይጨምርም። ባለፈው ሳምንት «እንደምን አመሻችሁ» ስትል፣ እኔ ማሽኑን ጠቅልዬ ቤት ስገባ «አመሻችሁ» የምትለዋ ገና አልደረሰችም ነበር።

ሊቁ፦ እንግዲያው መብራቱ ነው። ዓይን አፋር ሰው እንዲደፍር ይደብዝዝ ብዬህ አልነበር?

ዝግታ፦ አደበዘዝኩት። የጥርስ ሐኪሙ ወደ መድረክ ሲወጣ መንገድ ስቶ ዕቃ ቤት ገባ። ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር ቆሞ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ዘፈነው።

ሊቁ፦ አፈር በበላሁ! ተናደደ?

ዝግታ፦ ኧረ! ዘንድሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ዘፍኜ አላውቅም አለ። ማንም አላቋረጠኝም አለ።

ሊቁ፦ የሚገርም ሰው ነው። [ወንበር ላይ ይቀመጣል] እሺ ጥናቱስ? ዘፋኞቹን እየዞርክ «ለዘፋኝ የሚመች ምሽት ምን ዓይነት ነው?» ብለህ ጠይቅ ብዬ ልኬህ አልነበር?

ዝግታ፦ ድሮ ይመጡ የነበሩትን አስራ አራቱንም ጠይቄያለሁ።

ሊቁ፦ ታዲያ ምን አሉ? አንድ በአንድ ንገረኝ፣ መፍትሔው ከኔ ነው።

ዝግታ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ «እኔ ስዘፍን ሌላ ሰው አብሮኝ ባይዘፍን» አለች።

ሊቁ፦ ይኸው! አልነገርኩህም? ታዳሚው ስድ ሆኗል! «ተመልካች አፉን ይዝጋ» ብለህ ግድግዳው ላይ ለጥፍ።

ዝግታ፦ ተመልካች ነው አላለችም። ማይክ የያዘ ሰው ነው አለች።

ሊቁ፦ ማይክ የያዘ? ከቤቱ ማይክ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው?

ዝግታ፦ ከቤት አይመስለኝም።

ሊቁ፦ በር ላይ ይፈተሽ! ቀጥል።

ዝግታ፦ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ «ዘፍኜ ስጨርስ ይጨብጨብልኝ እንጂ ትምህርት አይሰጠኝ» አለ።

ሊቁ፦ ትምህርት? እዚህ ማን ነው ትምህርት የሚሰጠው? እኔ እንደሆንኩ እርማት ብቻ ነው የምሰጠው።

ዝግታ፦ አስራ ሁለት ደቂቃ ወሰደ አለ።

ሊቁ፦ ጥፋቱ ብዙ ነበራ! ትንፋሹን የሚስብበትን ቦታ አያውቀውም። እኔ ነኝ ያሳየሁት።

ዝግታ፦ እሱንም ነግሮኛል። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስጭን ኖሬ መተንፈስ አላቃተኝም፤ እዚያ መድረክ ላይ ነው ትንፋሽ ያጠረኝ» አለ።

ሊቁ፦ እውነቱን ነው፣ ልምምድ ይጎድለዋል። ሌላ?

ዝግታ፦ የሒሳብ አስተማሪዋ ተራ ይከበር አለች።

ሊቁ፦ ተራ እኮ አለ! ደብተር ላይ እየጻፍኩ በየስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ዝግታ፦ ቆጥራዋለች ጋሼ። በአንድ ምሽት ሃያ ዘፈን ተዘፈነ አለች። እሷ አንድ፣ ሾፌሩ አንድ፣ ልብስ ሰፊዋ አንድ፣ ሐኪሙ አንድ። ስንት መጣ?

ሊቁ፦ አራት።

ዝግታ፦ «አስራ ስድስቱን ማን በላው?» አለች።

ሊቁ፦ [ከወንበሩ ይነሣል] ሌባ አለ!

ዝግታ፦ እሷም እንደዚያ ነው ያለችው።

ሊቁ፦ በኔ መድረክ ላይ? በዓይኔ ሥር? የሰው ተራ እየሰረቀ የሚዘፍን? ምን ዓይነት ሰው ነው አለችህ?

ዝግታ፦ ቁመቱ መካከለኛ ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ያዘወትራል። ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል፣ በሁለተኛው አዝማች ላይ አንድ እግሩን ያነሣል።

ሊቁ፦ [ሸሚዙን አየት ያደርጋል፤ ሰማያዊ ነው] እግር ያነሣል? የት እንዳየሁት እንጃ እንጂ... የማውቀው ሰው ይመስለኛል።

ዝግታ፦ ልክ ነህ።

ሊቁ፦ አይ፣ እንዴ፣ በል ተወው። እኔም በመሃል በመሃል እዘፍናለሁ፣ ግን የኔ አይቆጠርም። የኔ የጆሮ ማጠቢያ ነው። አንዱ ዘፋኝ ወርዶ ሌላው ሳይወጣ የሰው ጆሮ መታጠብ አለበት።

ዝግታ፦ አራት አራት ጊዜ?

ሊቁ፦ እንደ ቆሻሻው ነዋ!

ዝግታ፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሊቁ፦ ልክ ብለሃል! እነሱ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ነው እንጂ ያመሰግኑኝ ነበር። እሺ፣ ከጥናቱ ምን ተማርን? አንድ፣ በር ላይ ፍተሻ። ሁለት፣ የእርማቱ ሰዓት አነሰ። ሦስት፣ እኔ ሌባውን ለመጠበቅ መድረኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር እቆማለሁ። ገባህ?

ዝግታ፦ ገባኝ።

ሊቁ፦ ጻፈዋ!

ዝግታ፦ ይሄንንስ አልረሳውም።

[ከውጭ የሰው ድምፅ ይሰማል። ዝግታ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይሄዳል።]

ዝግታ፦ ጋሼ፣ ሰው መጥቷል።

ሊቁ፦ ዝናብ ጀመረ?

ዝግታ፦ ፀሐይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ናት። ከኋላዋ ሾፌሩ። አስተማሪዋ ሰልፉን እያስተካከለች ነው።

ሊቁ፦ ሰልፍ? [ሮጦ መስኮቱን ይጋፋል] ሁለት፣ አራት፣ ሰባት... አስር! አስር ሞልቷል! ሴትዮዋ ቴኒሷን ራሷ ትጫወታት! አስራ ሁለት... አስራ አራት! አንተ፣ ሁሉም መጥተዋል! ያ አስራ አምስተኛው፣ ረጅሙ ማን ነው?

ዝግታ፦ የሐኪሙ አማች ነው። እሱ እንኳን ከዚህ በፊት መጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ እንዳያመልጥህ ብለውት ነው።

ሊቁ፦ አየህልኝ! በሩ ላይ ያሰቀልኩት ማስታወቂያ ነው! ፎቶዬን ተለቅ አድርጌ ያሠራሁት ለዚህ ነው!

ዝግታ፦ ማስታወቂያውን ገልብጬዋለሁ።

ሊቁ፦ ምን አድርገኸዋል?

ዝግታ፦ ገልብጬ ሰቀልኩት። ጀርባው ንጹሕ ነበር፣ የምጽፍበት ነገር ፈልጌ ነው።

ሊቁ፦ ምን ብለህ ጻፍክ?

ዝግታ፦ [ማስታወሻውን ገልጦ ያነባል] «አስተናጋጃችን ጉሮሮው ስለተዘጋ፣ ለአንድ ወር እንዳይዘፍንም እንዳይናገርም በሐኪም ታዟል። ካራኦኬው ግን ይቀጥላል።»

ሊቁ፦ [አፉ ተከፍቶ ይቀራል] የ... የትኛው ሐኪም ነው ያዘዘው?

ዝግታ፦ የጥርስ ሐኪሙ። ማኅተምም አድርጎበታል።

ሊቁ፦ የጥርስ ሐኪም ስለ ጉሮሮ ምን አገባው?

ዝግታ፦ እኔም ጠይቄው ነበር። «ጎረቤት ናቸው» አለኝ። ከፈለግህ ሦስት ወር ላድርግልህ ብሎ ሲያስቸግረኝ፣ በስንት ልመና ነው ወደ አንድ ያወረድኩልህ።

ሊቁ፦ አንተ ዓይን አውጣ! ውሸታም! እኔን ሕያውን ሰው... [በመስኮቱ እንደገና ያያል፤ ድምፁ ይለዝባል] ቆይ፣ ቆይ። ልብስ ሰፊዋ የያዘችው ምንድን ነው? ሎሚ ነው? ማርም አለ! ወይኔ ወንድሜ... [ዓይኑ እንባ ያቀራል] ታሟል ሲባሉ ጊዜ ሥራቸውን ጥለው መጡ። ይሄን ያህል ይወዱኝ ኖሯል? ሁሉም ሊጠይቁኝ መጡ!

ዝግታ፦ ሊጠይቁህ አይደለም ጋሼ። ሊያረጋግጡ ነው።

[ሊቁ ወደ በሩ ያመራል።]

ሊቁ፦ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ! ጤነኛ ነኝ፣ ድምፄም እንደ ደወል ነው እላቸዋለሁ!

ዝግታ፦ ንገራቸው። ሾፌሩ ጆሮውን በሩ ላይ ሊለጥፍ እየመጣ ነው። አንድ ቃል ከሰማ ሁሉንም አሳፍሮ ይመልሳቸዋል። ከዚያ ሰኞ ቴኒሱ ይገባል።

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ለምን እንደዚህ ታደርገኛለህ? ምን በደልኩህ?

ዝግታ፦ ካራኦኬው ከተዘጋ የት ነው የምትዘፍነው?

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] ቤቴ ነዋ።

ዝግታ፦ እኔ የምኖረው የት ነው?

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] እኔው ቤት።

ዝግታ፦ የክፍሎቻችን ግድግዳ ስስ ነው ጋሼ። እህቴ እያለቀሰች ነው የለመነችኝ፣ «እንደምንም ብለህ ያቺን ቅዳሜ አድንልኝ» ብላ። እኔ ዝግተኛ ነኝ፣ አልካድኩም። ይሄን ለማሰብ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን ምረጥ። አንድ ወር ዝም ብለህ አስተናጋጅ ትሆናለህ ወይስ እየጮህክ ኳስ ትለቅማለህ?

ሊቁ፦ [ሊናገር አፉን ይከፍታል። በሩን ያያል። አፉን ይዘጋል። ማይኩን ያያል። እንደ ሕፃን አቅፎ ይስመውና ለዝግታ ይሰጠዋል።]

ዝግታ፦ ጎሽ። አንገትህ ላይ ይሄን ጠምጥም። [ፎጣ ይሰጠዋል] አሁን ታሳዝናለህ።

ሊቁ፦ [ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በንዴት መጻፍ ይጀምራል። አንድ ገጽ ይሞላል። ሁለተኛ ይጀምራል።]

ዝግታ፦ ምንድን ነው? የመክፈቻ ንግግር ነው?

ሊቁ፦ [እየጻፈ በአንገቱ አዎ ይላል። ሦስተኛ ገጽ። አራተኛ።]

[በሩ ይከፈታል። ዘፋኞቹ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ይገባሉ። ሁሉም የሊቁን አንገት ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ወንበራቸውን ይይዛሉ። ሊቁ አራቱን ገጽ ለዝግታ ይሰጠዋል፤ ከፍ አድርገህ አንብብ ብሎ በእጁ ያሳየዋል።]

ዝግታ፦ [በማይኩ] ጤና ይስጥልኝ። አስተናጋጃችን አራት ገጽ ንግግር ጽፎላችኋል። [ገጾቹን አንድ በአንድ ይገልጣል፤ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል] ባጭሩ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ነው የሚለው። ተራ ቁጥር አንድ፣ ልብስ ሰፊያችን!

[አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ይናወጣል። ሊቁ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ይነሣል።]

ዝግታ፦ [ማይኩን ሸፍኖ፣ በቀስታ] ተቀመጥ ጋሼ። ለሷ ነው።