በሳተርን ሰማይ የታየው እጅ

ሳያይ የሚያርም ሰው መጨረሻው መታየት ነው። ይህ ታሪክ የተጻፈው ይህንኑ ለማስረዳት ሲሆን፣ አንባቢ ታግሦ ቢከተለኝ አንዲት ዝንብ፣ ሁለት የድስት ክዳንና አንዲት ጠማማ ጣት ምስክርነታቸውን ይሰጣሉ።

በከተማችን የሕዝብ ሲኒማ አዳራሽ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የሚታየው ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ «አንድ ሳምንት በሳተርን» ይባላል። የተሠራው እዚሁ፣ በከተማው ሰዎች፣ ከሞላ ጎደል ያለ ምንም ነው። የጠፈር መንኮራኩሩ አፍ ለአፍ ተገጥመው ብርማ ቀለም የተቀቡ ሁለት የድስት ክዳኖች ሲሆን፣ በክር ተንጠልጥሎ ይበራል፤ የሚዘወረውም በልብስ ስፌት መኪና መዘውር ነው። ከዋክብቱ በጥቁር ጨርቅ ላይ በወስፌ የተበሱ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ከጨርቁ በስተጀርባ ሰው ባለፈ ቁጥር ግማሹ ሰማይ ይጠፋል። የሳተርን ንጉሥ ጀርባው ላይ ዚፕ አለው። በአርባኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ፣ በስሌት ቢታሰብ ከከተማችን የምትበልጥ አንዲት ዝንብ የሳተርንን ቀለበት በእግሯ ትዞራለች።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ስህተት በቃሉ ያውቀዋል፤ ከቤቱ የሚወጣውም ለስህተቱ ሲል ነው። ክሩ ብልጭ ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ክሩ!» ይላል። ዝንቧ ስትገባ «እንኳን ደኅና መጣሽ!» ትባላለች። መንኮራኩሩ በሳተርን ተራራ ላይ ተሰክቶ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ከሰማይ አንድ ትልቅ የሰው እጅ ብቅ ይልና ክሩን አላቆ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሕፃን ሽማግሌው ብድግ ብሎ «እጅህ ይባረክ!» እያለ ያጨበጭባል። ሥርዐት የለሽነት ከዚህ በላይ ምን አለ? በፊልሙ የመንኮራኩሩ አዛዥ የነበሩት ሴት ዛሬ ትኬት ይቆርጣሉ፤ ፊልሙንም ራሳቸው ያጫውታሉ። በከተማው ከ«ካፒቴን» በቀር የሚጠሩበት ስም የለም።

ይህን ነውር የሚያስተውል ሰው እስኪገኝ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። አዲሱ የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የከተማው ተወላጅ፣ የሟቹ አናጢ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ለትምህርት ርቀው ሄደው፣ ብዙ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ሥራ በጀመሩ ዕለት በየበሩ ላይ መመሪያ አስለጠፉ፦ «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ያጎደለ ማንኛውም ሰው፣ በዓይነትና በጥራት አቻ በሆነ ንብረት ይተካል።» መመሪያው ለጌጥ እንዳልተሰቀለ ለማሳየት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ለሰበሩት አንድ ብርጭቆ አራት ሱቅ አዞሯቸው፤ አበባው ሳይቀር የሚመሳሰል ብርጭቆ የተገኘው አራተኛው ላይ ነው። ወዲያውም እኚህኑ ሠራተኛ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ሾሟቸው። ቅሬታ የሚያቀርብ ስለማይኖር፣ ሹመቱ የመጥረጉን ሥራ አያስተጓጉልም። አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ ነው።

ኃላፊው ፊልሙን አላዩትም። ተራ ሰው የማያውቀውን ያያል፤ የተማረ ሰው ግን ኮሚቴ ያቋቁማል። ኮሚቴው ሦስት ቅዳሜ ከተመለከተ በኋላ «ሳይንሳዊና አስተዳደራዊ ግድፈቶች» በሚል ርእስ አርባ ሰባት ነጥቦች አቀረበ። አባላቱ ከሕዝቡ ጋር «ክሩ!» ሲሉ መሰማታቸው በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ «አየር በሌለበት ጠፈር የአውራ ዶሮ ጩኸት መሰማቱ።» ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት፦ «ዝንቧ በጉዞው እንድትሳተፍ የተጻፈ ደብዳቤ አለመገኘቱ።» ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ፦ «ማንነቱ ያልተገለጸ ግለሰብ፣ የሥራ መደቡ ሳይታወቅ፣ በሳተርን ጉዳይ እጁን ማስገባቱ።»

ኃላፊው ከእያንዳንዱ ጎን «ይወገድ» ብለው ፈረሙ። ሲፈርሙ የቀኝ እጃቸው ትንሽ ጣት ከእኅቶቿ ተለይታ ወደ ውጭ ትጎብጣለች። ከአባታቸው የወረሷት ናት፤ ለሹም የማትመጥን ስለመሰላቸው በስብሰባ ላይ ከጠረጴዛ በታች ይደብቋታል።

ካፒቴን ተጠሩ።

«እነዚህን አርባ ሰባት ቦታዎች ቆርጠው ያውጡ» አሏቸው ኃላፊው።

«አንተ ልጅ፣ ፊልሙ እኮ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው።»

«ስህተት ቅጂ አያስፈልገውም።»

«ክሩ ከወጣ መንኮራኩሩ በምን ሊበር ነው?»

«በሳይንስ።»

«እሺ ይሁን። እጁን እንኳ ተወው። የሚቀየም ሰው አለ።»

«የሚቀየመው ሰው ስሙን በጽሑፍ ያቅርብ።»

«እቤትህ ጠይቅ!» አሉ ካፒቴን፤ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።

መጠየቅ አላስፈለገም፤ በማግስቱ ቁርስ ላይ እናታቸው ራሳቸው ጀመሩት። እኚህ እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ትራስ ይዘው ሲኒማ ይሄዳሉ፤ መቀመጫቸውም ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ነው። ምክንያቱን ከልጃቸው በቀር ከተማው በሙሉ ያውቃል። የጠፈሩን ጨርቅ የሰቀሉት፣ የሳተርንን ተራራ ከጣውላ የሠሩት አናጢው ባላቸው ነበሩ፤ መንኮራኩሩ በተሰካ ዕለትም መሰላል ላይ ቆመው ያላቀቁት እሳቸው ናቸው። አናጢው ካሜራ ሲያዩ የሚሸሹ ሰው ስለነበሩ፣ በዚህ ዓለም በምስል የቀረላቸው ያ እጅ ብቻ ነው።

«ያን ፊልም ልትቆራርጠው ነው አሉ?»

«እያረምነው ነው እማዬ።»

«አባትህ እኮ እዚያ ውስጥ አለ።»

«አባዬ አናጢ ነበር እንጂ ተዋናይ አልነበረም።»

«እኔ አለ እያልኩህ!»

«የተዋንያኑን ዝርዝር አይቻለሁ፤ ስሙ የለም። በሰነድ ላይ የሌለ ሰው የለም ማለት ነው።»

«ወይ ጉድ! አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

«የልደት ምስክር ወረቀት አለኝ» ብለው ኃላፊው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። እናት የቀረውን ቃል ለሻዩ ነገሩት።

ካፒቴን መቀስ አልነካም ስላሉ የቆረጠው ኮሚቴው ነው። የተቆረጠውም ሦስት ምስክሮች ባሉበት ተቃጠለ፤ ጭሱ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሄደ ሳይቀር በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ።

በታረመው ፊልም ምረቃ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። «ክቡራንና ክቡራት!» አሉ ኃላፊው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ጠፈራችን ከክር፣ ከዝንብና ከሕገ ወጥ እጅ ነፃ ወጥቷል!» የኮሚቴው አባላት አጨበጨቡ። መብራት ጠፋ። በፊልሙ ውስጥ ወጣቷ ካፒቴን «ተነሣን!» አለች፤ ቀጥላም «ደረስን!» አለች፤ የሳተርን ንጉሥ ከፊት ለፊት ብቻ ታየና «በሰላም ግቡ» አለ። መብራት በራ። የአንድ ሳምንቱ ጉዞ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ ይህ በጠፈር ታሪክ ታላቅ ፍጥነት ነው።

ማንም አልተነሣም። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «ክሩስ?» አለ። ከሦስተኛው ረድፍ ጥግ እናት ተነሡ።

«ባሌስ?»

«እማዬ፣ እባክሽ ተቀመጪ፤ እንግዶች አሉ።»

«ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ! በሳምንት አንድ ቀን እጁን አይ ነበር። ሰው ሁሉ እጅህ ይባረክ ሲለው እሰማ ነበር። የት አደረግኸው?»

ኃላፊው ዝርዝሩን ከኪሳቸው አውጥተው ገለበጡ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ማንነቱ ያልተገለጸ... ነው የሚለው» አሉ።

«አሁንስ ተገለጸልህ?»

ሰኞ ጠዋት የቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን ቅሬታ ተቀበለ። ሰብሳቢዋ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ታጥበው ወንበሩን ያዙ።

«የጎደለው ንብረት ምንድን ነው?»

«እጅ» አሉ እናት።

«የመሥሪያ ቤቱ ነው?»

«ፊልሙ ከነእጁ በንብረት መዝገቡ ላይ አለ» ሲሉ ካፒቴን መሰከሩ።

ሰብሳቢዋ ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ጌታዬ፣ እኔ መነጽሬን አልያዝኩም። በሩ ላይ ያለውን ያነቡልናል?»

ኃላፊው አነበቡ። የገዛ ፊርማቸው ጋ እስኪደርሱ ድረስ አነበቡ።

«በዓይነትና በጥራት አቻ በሆነ» አሉ ሰብሳቢዋ በዝግታ። «እኔ ለብርጭቆው አራት ሱቅ ዞሬያለሁ። እርስዎ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። እስቲ ያን ቀኝ እጅዎን ከጠረጴዛው በላይ ያውጡት።»

እጁ ወጣ። ትንሿ ጣት እንደ ልማዷ ጎበጠች። እናት አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«አበባው ሳይቀር ይመሳሰላል» አሉ ሰብሳቢዋ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የበላይ መሥሪያ ቤቱም ቃለ ጉባኤውን ተመልክቶ ኃላፊውን ከኃላፊነታቸው አነሣ፤ በሲኒማ አዳራሹም «የክር ሠራተኛ» አድርጎ መደባቸው። እነሆ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ፊልሙ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ካፒቴን ማጫወቻውን ያቆማሉ፤ የቀድሞው ኃላፊ የአባታቸውን መሰላል ወጥተው፣ በመጋረጃው ፊት ሁለቱን የድስት ክዳኖች በክር ያበርራሉ፤ ይሰካሉ፤ እጃቸውን አስገብተው ያላቅቃሉ። ዝንቧን የሚተካ እስካሁን አልተገኘም፤ ማስታወቂያው በበሩ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክሩን ከኀፍረት የተነሣ ጥቁር ቀብተውት ስለነበር፣ ተመልካቹ አልታየንም ሲል ቅሬታ አቀረበ፤ ሰብሳቢዋም ክሩ በቀይ እንዲለወጥ አዘዙ።

ሕዝቡ ግን ቂመኛ አይደለም፤ እጁ ብቅ ባለ ጊዜ ተነሥቶ «እጅህ ይባረክ!» ይላል። እናትም ከሦስተኛው ረድፍ ጥግ፣ ትራሳቸው ላይ ሆነው፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ይመለከታሉ።

«እጁ ቁርጥ የአባቱ ነው» አሉ ባለፈው ቅዳሜ ለጎረቤታቸው፤ «ጭንቅላቱን ከየት እንዳመጣው ግን እኔም አላውቅም።»

ቅጣቱ እስከ ጡረታ ድረስ የጸና ነው። ይግባኝ ቀርቦ ነበር፤ ሰብሳቢዋ እየጠረጉ ስለነበሩ አልሰሙትም።