ድምፅሽን ብቻ

ሰው ባህሉን ለልጁ ላስተምር ብሎ ሲነሳ ማየት ደስ ይላል። ማን ይጠላል? ጣጣው የሚመጣው «ልጆቻችን» የሚለው ቃል ማንን ጨምሮ ማንን እንደሚያስቀር የተጠየቀ ዕለት ነው። እዚህ እኛ ባለንበት፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ ቅዳሜና እሁድ የማያስተምር ሕዝብ የለም፤ ቻይናው ለልጁ የጽሕፈት ብሩሽ ያስጨብጣል፣ ሕንዱ እግሩ ላይ ቃጭል አስሮ ያስጨፍራል፣ እኛም ሀ ሁ እናስጮሃለን። ልጆቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ያጉረመርማሉ። በዚህ በዚህስ አንድ ነን።

የወንድሜን ልጅ የሊያን ነገር ላጫውታችሁ። ወንድሜ ዳዊት ዲቪ ደርሶት ሳን ሆዜ እንደገባ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ እዚያው አብራው የምትሠራ ማይ የምትባል የቬትናም ልጅ አገባ። ዘመድ አዝማድ «ምን ይደረግ፣ የእህል ውሃ ነገር ነው» አለ፤ ባፉ። ሊያ ስትወለድ ማይ በራሷ ቋንቋ እያወራች፣ ዳዊት በአማርኛ እየመለሰ፣ ሰፈሩ በእንግሊዝኛ እየጨመረበት አሳደጓት። ልጅቷ ገና አሥራዎቹን ሳትጨርስ ማይ ታማ ሞተች። የማይ ቋንቋ ከቤቱ ወጣ። ሊያ ሻወር ውስጥ ሆና በእናቷ ቋንቋ ስታወራ እንደሚሰማት ዳዊት አንድ ቀን ነግሮኛል። «ከማን ጋር?» ልለው ነበር፤ ተውኩት።

የእስያ ተወላጅ ወጣቶችን ቋንቋና ባህል የሚያስተምር የቅዳሜ ፕሮግራም መኖሩን የሰማችው ራሷ ናት። አባቷ ሲወስዳት፣ ፕሮግራሙን የሚመሩት ወይዘሮ ላን በር ላይ ቆመው ነበርና በትሕትና የአጃቢዎችን ወንበር አሳዩአት። ሊያ በእናቷ ቋንቋ ተማሪ ለመሆን እንደመጣች ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ደነገጡ፤ ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁ። ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን ያዙልኝ። እኔ በማወራችሁ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ቢኖርማ ይቀል ነበር።

የቬትናምኛው ክፍል ስትገባ ደግሞ ቋንቋውን አፏን ሞልታ የምትናገር እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ሌሎቹ እንደኛዎቹ ልጆች ናቸው፤ የአያታቸውን ቁጣ ይሰማሉ፣ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። አስተማሪዋ ከባድ ቃል በመጣ ቁጥር «ሊያ፣ እስቲ በይላቸው» ትላለች። ልጆቹ ወደዷት። ልጆች እኮ ትልልቆቹ እስኪነግሯቸው ድረስ ሰው ማየት ይችላሉ።

በኛ በኩል ያለውን ደግሞ ስሙ። ሳን ሊያንድሮ የሚኖሩት አጎታችን ጋሽ መኮንን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ነው፣ መጀመሪያ የአባቷን ፊደል ትወቅ አሉ። መልካም። ዳዊት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደሚሰጠው የአማርኛ ክፍል ወሰዳት። እዚያ «ቻይናዋ» የሚል ስም አወጡላት፤ ልጆቹ አይደሉም፣ ወላጆቹ ናቸው። በፍቅር ነው ይላሉ። አንዷ እናትማ ዳዊት ከሊያ አጠገብ ቆሞ ሳለ «ይቺን ልጅ ከየት አገኛችኋት?» ብላ ጠየቀችው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሲባል ጎመኑን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በጨረቃ የሚቆጠረው የቬትናሞቹ አዲስ ዓመት ተቃረበ። በበዓሉ ላይ ከወጣቶቹ አንዱ ለአረጋውያኑ የምስጋናና የመልካም ምኞት ንግግር ያቀርባል። ማን ሊመረጥ ነው? ሊያ ተመረጠች። ቃሉን ከእናቷ በለመደችው አነጋገር አሳምራ አጠናችው። በዓሉ ሊደርስ ሲል ግን ወይዘሮ ላን ዳዊትን ኮል አደረጉት። ድምፃቸው እንደታመመ ሰው ነበር አለኝ። አንዳንድ ወላጆች ሐሳብ ሰጥተዋል፤ አረጋውያኑ ግር እንዳይላቸው፣ ረጅሙን የባህል ልብስ የለበሰች ሌላ ልጅ መድረኩ ላይ ትቁም፤ ሊያ ከመጋረጃው ጀርባ በማይክ ትናገር። «ድምፅዋ በጣም ያስፈልገናል» አሉት። ሌላው አካሏ ግን አላስፈለገም።

ዳዊት ሁለተኛ እዚያ እግርሽ አይረግጥም አላት። ሊያ «ኢትስ ኦኬ» አለች። ቆይታ ግን በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረው አማርኛዋ፣ «አባዬ፣ አንድ ቀን ጮክ ብዬ ልበለው» አለችው። ለመነችው ማለት ነው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይመልስ?

በበዓሉ ቀን እኔና ዳዊት ከፊት ተቀመጥን። ያቺኛዋ ልጅ እንደ አደይ አበባ አምራ ወጣች፤ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድምፁ ከጀርባዋ መጣ። እኔ ቃሉ አይገባኝም፤ ግን ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን እያወለቁ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ዳዊት መሬት መሬቱን ያያል። «የማይ ድምፅ ነው» አለኝ። ከአነጋገር ይፈረዳል ይላል ያገሬ ሰው፤ ፊት ሳይታይ ሲሆን ነው እንጂ።

ንግግሩ ሲያልቅ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ወደ መድረኩ ወጡና ያቺን ባለ ረጅም ቀሚስ እቅፍ አደረጓት። ዳዊት ከሚስቱ በቃረመው ቋንቋ ጆሮዬ ላይ ይተረጉምልኛል፦ አነጋገርሽ የተወለድኩበት አገር አነጋገር ነው፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ይላሉ። ልጅቷ አንድም አልገባትም። ጨዋ ናትና አላታለለቻቸውም፤ ወደ መጋረጃው ጠቆመች።

ሊያ ወጣች። እጆቿን አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ አያቴ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ አዩአት።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ። የት ተማርሽው?»

«ከእናቴ።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። «እናትሽስ የት ተማረችው?»

«ከእናቷ» አለች ሊያ።

አሮጊቷ እንደ መሳቅ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ከዚያችኛዋ ጋር ፎቶ ሊነሱ ዞሩ። ስልካቸውን ለሊያ ሰጧት። ፎቶውን ያነሳቻቸው እሷ ናት፤ ጥሩ ፎቶ ነው አሉ።