«ደረስኩ» ያለው ጀልባ

በስተርጅና ትምህርት የጀመረ ሰው ብቻውን አይማርም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወደደም ጠላም አብሮት ይማራል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለጁባው ሃይ ማላካል ሰፈር የደረሱት አቶ ሥዩም ናቸው። ሆቴላቸውን ለልጃቸው ካስረከቡ በኋላ እንደ እኩዮቻቸው ጥላ ሥር አልተቀመጡም። በስልካቸው የመርከብ ኪራይ ውል ሕግ መማር ጀመሩ። ባሕር አይተው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ መከራውን የሚያየው የቁርስ ጓደኛቸው፣ የሽንኩርት ነጋዴው ሸረፈዲን ነው። ራሴን አመመኝ ቢላቸው «ውሉ ምን ይላል?» ይሉታል። ዝናብ ቢዘንብም «ውሉ ምን ይላል?» ነው። ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ሲሳፈሩማ ሞተሩ ሳይነሣ ነጂውን ያፋጥጡታል።

«የተከራየሁህ በጉዞ ነው በሰዓት?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ያ ሐጅ!» ይላል ነጂው፣ ችግር የለም ለማለት።

«አንደኛ፣ ሐጅ አይደለሁም። ሁለተኛ፣ ማፊ ሙሽኪላ አንቀጽ አይደለም!»

በቅርቡ ሸረፈዲን ሽንኩርቱን በወንዝ ወደ ማላካል ከተማ ሊልክ የካፒቴን ኡጁሉን ባርጅ፣ ያን ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ፣ ተከራየ። ኡጁሉ ጋምቤላ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከሁላችንም ይፈስሳል። አቶ ሥዩም ውሉን እኔ ካልጻፍኩ ብለው ሙጭጭ አሉ። ጻፉም፦ «ካፒቴኑ ‹ደረስኩ› ብሎ ካስታወቀ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ሽንኩርቱ ካልተጫነ፣ ሌላ ጭነት መጫን ይችላል።»

«መርከብ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ እኮ ስንት የለንደን ዳኛ አከራክሯል!» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «እኔ በአንድ ቃል ዘጋሁት።»

ሰኞ ጠዋት ካፒቴኑ ደወለ። «ደረስኩ!»

ሸረፈዲን ሽንኩርቱን በመኪና አስጭኖ ወደብ ሲወርድ ከውሃው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ባርጁ ብቅ ያለው ሐሙስ ነው፤ ለካስ ካፒቴኑ የደወለው ገና ከቦር ከተማ ሊነሣ ሲል ኖሯል። ሽንኩርቱ በፀሐይ አልቦ መሽተት ጀምሯል። ኡጁሉ ከባርጁ ወርዶ ውሉን ዘረጋ።

«ወንድሜ ሸረፈዲን፣ ጊዜህ አልፏል። ሲሚንቶ ልጭን ነው።»

«አንተ የት ነበርክና ነው የኔ ጊዜ ያለፈው?»

«ደረስኩ ብዬሃለሁ። ውሉ ምን ይላል?»

ሸረፈዲን አብረውት ወደ ወደብ የወረዱትን አቶ ሥዩምን አየ። አቶ ሥዩም ውሉን ተቀብለው የገዛ አንቀጻቸውን ደግመው አነበቡ። የአማርኛ ተናጋሪ ስልክ አንሥቶ «ደረስኩ» ሲል ገና ጫማውን እየፈለገ መሆኑን የለንደን ዳኛ ላያውቅ ይችላል፤ እሳቸው ግን ማወቅ ነበረባቸው።

«ጋሼ ሥዩም» አለ ሸረፈዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ሽንኩርት ዛሬ ካልተጫነ ሱቄንም ይዞት ነው የሚሄደው።»

አቶ ሥዩም የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ካፒቴን፣ የሲሚንቶው ባለቤት ማነው?»

«ምንያህል ነው። የማላኪያ ሰፈሩ።»

«የኛው አገር ሰው! የት ነኝ አለህ?»

«አሁን ደውዬለት ነበር። ደረስኩ ብሎኛል።»

«እንግዲያው» አሉ አቶ ሥዩም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እሱ እስኪደርስ ሽንኩርቱን እንጫን።»

ኡጁሉ ወደ መንገዱ አየ። መንገዱ ጭር ብሏል። መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ተሸካሚዎቹም ተከተሉት። የመጨረሻው ጆንያ ሲጫን የኡጁሉ ስልክ ጮኸ። ምንያህል ነበር፤ «የወደቡ በር ላይ ነኝ!» አለ።

በማግስቱ ሸረፈዲን ቁርስ ቤት ሲገባ ፊት ለፊቱ ያለው የአቶ ሥዩም ወንበር ባዶ ነው። ሰላም አግኝቶ መብላት ይችል ነበር፤ ዝምታው ግን አልዋጥልህ አለው። ደወለ።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«ደረስኩ!» አሉ አቶ ሥዩም። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ድምፅ ተሰማ፦ «አባባ፣ አንዱ ጫማዎ የለም!»

ሸረፈዲን ሰው እንዳይቀመጥበት ኮፍያውን አውልቆ በወንበራቸው ላይ አኖረ። ፉሉን ግን፣ እንዳይቀዘቅዝ፣ አላዘዘም።