የአፌ ግራና ቀኝ

ይህን ማውራቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የጨዋ ልጅ የአፉን ገበና አደባባይ አያወጣም። ስለዚህ አስቀድሜ አንባቢን፣ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሞችን፣ በመጨረሻም የገዛ ጥርሴን ይቅርታ ጠይቄ ልጀምር።

ሌላው ሰው መታወቂያውን በኪሱ ይይዛል። እኛ የአዋሳ ልጆች በአፋችን ነው የምንይዘው። የጉድጓዱ ውሃ ገና በልጅነታችን ጥርሳችንን ያበልዘዋል፤ የቀበሌ ወረቀት ሊጠፋ ይችላል፣ ብልዝ ግን አይጠፋም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ፣ ዓሣ ሻጩ ፈገግ እስክትል ይጠብቅና፣ ጥርስህ ነጭ ከሆነ የእንግዳ ዋጋ ይጠራልሃል።

በደርግ ዘመን ታዲያ አንድ ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ መጣ። የበለዘ ጥርስ በምን ዘዴ እንደሚነጣ ያጠናል አሉ። እኔ ደግሞ የጨርቅ ነጋዴውን የጋሽ ዳንጊሶን ልጅ፣ አስቴርን፣ ለማግባት ሽማግሌ ልልክ የተሰናዳሁበት ሰሞን ነበር። ነጭ ጥርስ ያለው አማች ማን ይጠላል? ሮጬ ተመዘገብሁ። ሐኪሙ፣ «ግማሹ ይታከማል፣ ግማሹ ለማነጻጸሪያ እንዳለ ይቆያል» ብሎ አስረዳን። እኔ ግማሹ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ግማሹ አፍ ኖሯል። የቀኝ ጥርሶቼን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ስስ ነጭ ነገር ለበጣቸውና መስተዋት ሰጠኝ። «ግራውስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ግራው ሳይንስ ነው፤ ጥናቱ እስኪያልቅ አይነካም» አለኝ። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስ በርሱም ባዳ እንደሚሆን ግን ማን ነገረኝ?

ሽማግሌዎቹ ሄደው ሲመለሱ፣ ጋሽ ዳንጊሶ «ልጁን አምጡትና ልየው» ብለዋል ተባልሁ። ቀኝ ጉንጬን ወደ እሳቸው፣ ግራውን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥሁ፤ ፈገግታም በልክ። የት እንደተወለድሁ ጠየቁኝ። እዚሁ አዋሳ አልሁ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፣ «እዚህ ተወልዶ ጥርሱ ያልበለዘ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህ ልጅ ከየት ተልኮ ነው?» አሉ። በዚያ ዘመን «ከየት ተልኮ ነው» የሚባል ጥያቄ ከተነሳ እንኳን ሚስት፣ መውጫ በርም አይገኝም። አስቴር ጓዳው በር ላይ ቆማ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። እሷ ከእጄ ልትወጣ ነው፤ ታዲያ ኩራት ምን ያደርግልኛል? ፊቴን ከግድግዳው መልሼ እስከ መንጋጋዬ ገለጥሁላቸው።

ጋሽ ዳንጊሶ መነጽራቸውን አደረጉና ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አነበቡኝ። «አንተ፣ መሃል ሰፋሪ ነህ እንዴ?» አሉ። መሃል ሰፋሪ ማለት ከአብዮቱም ከጠላቱም ያልወገነ ማለት ነው፤ ሰው ይታሰርበት ነበር። «ኧረ እኔ የለሁበትም፣ ጋሼ፤ ሐኪሙ ነው» ብዬ ነገሩን ከነሳይንሱ አስረዳሁ። ሚስታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ይንፈቀፈቃሉ።

ጋሽ ዳንጊሶ ብዙ አሰቡ። ከዚያ፣ «ግራው የእኛው ልጅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ቀኙን አላውቀውም። ልጄን የምሰጠው ለግራው ነው» ብለው ፈረዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበሩና፣ ነጋዴ ልጁን ለግራ ሲሰጥ በጆሯቸው በመስማታቸው አጨበጨቡ።

ተጋባን። ግራው በሽማግሌ ፊት የተፈቀደለት ባል ነው። ቀኙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያለ ፈቃድ እቤቴ ይኖራል፤ ይባስ ብላ አስቴር የምትስመው በእሱ በኩል ነው። አደራችሁን፣ ይህ ነገር አማቴ ጆሮ እንዳይደርስ።