ከሌዊስቪል በላይ የነበረችው ከተማ

እንደ ፈረንጆቹ በ1996 በጋ ላይ፣ ከሌዊስቪል በስተሰሜን ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የነበረችው ብቸኛ ሱቅ ተዘጋች። ወሬው ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ከተማ የሚሞተው በጦርነት ወይም በጎርፍ ይመስላችኋል። በዘጋቢነት ዘመኔ እንዳየሁት ግን አብዛኛው የሚሞተው መንገድ ሲቀየር ነው። ይህችን ከተማ የወለዳት ጥጥ ጫኝ ባቡር ነበር። ባቡሩ መቆሙን ተወ፤ አውራ ጎዳናውም ሲሠራ በጎን አልፏት ሄደ። እኔ ስደርስ የቀሯት ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ እሑድ ብቻ የምትከፈት ቤተ ክርስቲያንና ያቺ ሱቅ ነበሩ። ነዋሪዎቿ አንድ ጣት ከመኪናቸው መሪ አንስተው ሰላም ይሏችኋል። ሁለተኛ ጣት ለማንም አያባክኑም።

ሱቋን የገዙት የአገሬ ሰው ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ ዲኤፍደብሊው በሚሉት ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ለዓመታት አውቶቡስ ነድተው ባጠራቀሙት ሁሉ። ሱቋ ከከሰረች ወደ መሪው መመለስ ነው።

ከዚያ ቢል ሞተ፤ በየጠዋቱ ሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ በአየሩ የሚያማርር ሽማግሌ ነበር። ጋሽ ተስፋዬ ሱቋን ቆልፈው፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሟቹ ቤት በረንዳ ላይ ለቅሶ ተቀመጡ። የቢል ሚስት የነበረችው ባልቴትም ዝም ብሎ የሚቀመጥን እንግዳ ምን እንደሚያደርጉት ግራ ቢገባት፣ በረዶ ያለበት ሻይ ታመላልስላቸው ጀመር።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ አበባ መላክ ይበቃል» አልኳቸው።

«ተው እንጂ! ጎረቤት ሞቶ እኔ ቺፕስ ልሽጥ? ኖ፣ ኖ! ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምንም አላለም። የተቆለፈውን በር አይቶ፣ እንደ ቀደሙት ባለሱቆች ከሰረ ብሎ፣ ወደ ሌዊስቪል ነዳ። በአራተኛው ቀን ሱቋ ስትከፈት የመጣ የለም። ወሩ ሳያልቅ እስከ ወዲያኛው ተዘጋች። እኔም ከተማዋን የገደላት የእኛ ለቅሶ ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ አወራሁ። ሰው ይስቃል።

በዓመቱ ባልቴቲቱን ሪቻርድሰን ከተማ፣ ልጇ ቤት አገኘኋት። እንደነገረችኝ፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ መሬታቸውን ለቤት ሠሪ ኩባንያ ለመሸጥ የተስማሙት፣ ጋሽ ተስፋዬ ሱቋን ከመግዛታቸው በፊት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገራችኋቸውም?»

«እስክንሄድ ድረስ ወተት የምንገዛበት ያስፈልገን ነበር» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

አልሸጥም ብሎ ሽያጩን ሁሉ አስቁሞ የኖረ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቢል። እሱ ሲሞት እሷም ሸጠች።

ይህን ልነግራቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ። ጋሽ ተስፋዬ መሪያቸውን እንደያዙ ሰሙኝ።

«ሶ፣ ለቢል ሦስት ቀን ለቅሶ አንሶታላ» አሉና የአውቶቡሱን በር ዘጉ።